የሰኪና ግድግዳ

ሲንቄ የጀመረችውን የተማሪ ዩኒፎርም ስፌት መኪናው ላይ ትታ፣ መቀሷን ይዛ ወጣች። ከጨርቅ በቀር ወረቀት እንኳ የማታስቆርጥበትን መቀስ ነው ዛሬ ሽቦ ልትቆርጥበት የያዘችው። መንገዱ ለአስፋልት ከተቆፈረ ሁለተኛ በጋው ነው። ከጉደር የመጣ ገልባጭ መኪና አቧራውን አስነሥቶ አለፈና ማዶው ጠፋባት። አልቆመችም። ባሏ የት እንደሚቀመጥ ዓይኗን ጨፍናም ታውቀዋለች።

አቧራው ሲረጋ ያው ግድግዳ ፊቷ ተገተረ። በአምቦ ዋና መንገድ ዳር ያለው ቤት ሁሉ፣ ቆርቆሮው ሳይቀር፣ ቡናማ ሆኖ የሰኪና የጨርቅ ሱቅ ብቻ አረንጓዴ ነው። ለሁለት የተሰነጠቁ የዘይት ጀሪካኖች በሽቦ ተንጠልጥለው በረንዳዋን ከጣሪያ እስከ መሬት ጋርደውታል፤ ከየጀሪካኑ ሐረግ ይዘረገፋል፣ በሶብላና ጤና አዳም ይወጣል። የላይኞቹ ሲጠጡ ውሃው በተበሳው ታቻቸው ወደ ሥረኞቹ ይንጠባጠባል። ማን በሳቸው? ማን ሰቀላቸው? ቦጂያ! የሲንቄ ባል! የገዛ ቤቱ የበር ማጠፊያ ከፋሲካ ጀምሮ ተገንጥሎ እያየ፣ ባሏ ለሞተባት ለሰኪና ጀሪካን ሰቀለላት።

መስቀሉስ ይሁን። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ወፍጮ ቤት ሠርቶ ቤቱ የተቀመጠ ሰው፣ ከዚያን ጊዜ ወዲህ በየቀኑ ምሳውን በልቶ በርጩማውን እያንጠለጠለ ማዶ ይሻገራል። ከተማው ሲያወራ ከርሟል፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ለሲንቄ ወሬው የደረሳት ባለፈው እሑድ ከቸርች ስትወጣ ነበር። «አዴ ሲንቄ፣ ኦቦ ቦጂያ የጨርቅ ሱቅ ከፈቱ እንዴ?» አሏት አብረዋት የወጡ ሴቶች። ከሴቶቹ ጋር አብራ ሳቀች። ቤቷ ገብታ ግን አለቀሰች። ሰኪና ታናሿ ናት፤ የምትሸጠውን ሻሽ ራሷ ላይ ጣል ስታደርገው ያምርባታል። ሲንቄ ይህን ካየች ቆይታለች፤ አላየሁም ብላ አትዋሽም።

ዛሬ ምሳ ላይ ቁርጡን ልወቅ ብላ ጠየቀችው።

«እዚያ ምን አለህ?»

«ሀፉሪ ኮ አቺ ጂራ» አላት ጉርሻውን ሳይውጥ፤ በርጩማውንም አነሣ።

ሀፉራ ትንፋሽም ነው፣ መንፈስም ነው። ለቅናት ጆሮ ግን ትርጉሙ አንድ ብቻ ሆነ፦ ነፍሴ ያለችው እዚያ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል አለች ሲንቄ በሆዷ። ሽቦው ከተበጠሰ ጀሪካኑ ይወድቃል፤ ጀሪካኑ ከወደቀ ባሏ ቤቱ ይገባል።

ሰኪና ከባንኮኒው ኋላ ጣቃ ስትጠቀልል አይታት ብድግ አለች። መቀሱንም አይታዋለች።

«አካም ኦልተኒ፣ አዴ ሲንቄ?» አለቻት፣ እንዴት ዋሉ ስትል።

«የሰረቅሽኝን ልወስድ ነው የመጣሁት!»

ሰኪና ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። «ቀስ ይበሉ እባክዎ። ገና አሁን ነው እንቅልፍ የወሰዳቸው።»

እንቅልፍ! እሷ ዘንድ ትራስ ተደግፎ ደረቱ ሲያፏጭ የሚያድር ሰው፣ እዚህ እንቅልፍ ወሰደው! ሲንቄ ሐረጉን ገልጣ ወደ በረንዳው ገባች። ቦጂያ በርጩማው ላይ ተቀምጦ፣ ጀርባውን ለብሎኬቱ ሰጥቶ አንቀላፍቷል። ከራሱ በላይ ያለውን ሽቦ በመቀሷ አፍ ውስጥ አስገባች።

ያን ጊዜ ነው ጆሮዋ የፈለገውን ያጣው። የደረቱን ፉጨት። ሰባት ወር ሙሉ እንቅልፍ የነሣት ያ ሲር ሲር የሚል ነገር የለም። የራሷን ትንፋሽ ይዛ አዳመጠች። ቦጂያ አፉን ገጥሞ፣ በአፍንጫው፣ እንደ ማንኛውም ሰው ይተነፍሳል። በስተውጭ ያሉት ቅጠሎች የመንገዱን አቧራ ተሸክመው ጎብጠዋል፤ በስተውስጥ ያሉት ንጹሕ ናቸው። ለካ ትንፋሼ ማለቱ ነበር።

ደስ ሊላት ሲገባ አንገበገባት። ዝንጅብሉን የቀቀለች እሷ! ጀርባውን ስታሽ ያደረች እሷ! የጾመች የጸለየች እሷ! ያሳረፈው ግን የሰኪና ቅጠል። ሴት ብትሆን ይሻል ነበር። ሴትን ይጣሏታል፤ ቅጠልን ምን ብለው ይጣሉታል?

«ቆርጠው ቢተክሉት ይይዛል» አለች ሰኪና ከኋላዋ፣ በሹክሹክታ። «የእርስዎም በረንዳ ሰፊ ነው።»

«ካንቺ አልለምንም።»

«ቢለምኑም አልሰጥም። እናቴ ስትናገር፣ የተሰጠ ተክል ይደርቃል፤ የሚይዘው የተሰረቀ ነው።» ይህን ብላ ፊቷን ወደ ጣቃዎቿ አዞረች፤ መጠቅለሏንም ቀጠለች።

ሌባ ብላ ልትሰድባት የመጣችው ሲንቄ ግራ ቀኟን አየች። መቀሱን ከሽቦው ላይ አወጣችው። ፊቷ ጋለ።

«ሁለት ቁረጪ» አለ ቦጂያ ዓይኑን ሳይገልጥ። «ምናልባት አንዱ ባይዝ።»

ሲንቄ ጀሪካኖቹን አንድ በአንድ እያየች ሄደች፤ አንዱን ናቀችው፣ ሌላውን አለፈችው። በመጨረሻ ከባንኮኒው ፊት ለፊት፣ ሰኪና ቀና ባለች ቁጥር የምታየውን፣ ሐምራዊ አበባ ያወጣውን ሐረግ መርጣ ከሥሩ ቆረጠችው።