የጋሽ አሸብር መዳፍ

"ሞተሯን ማነው ያሞቀው?"

ጋሽ አሸብር ይህን የጠየቁት መዳፋቸውን ሞተሩ ላይ እንዳሳረፉ ነው… ቁልፉ እንኳን ገና አልዞረም።

ደላላው ማሙሸት ሳቀ። "ኧረ ጋሼ፣ ፀሐይ ነው እኮ!"

"ፀሐይ ጋቢና ስር አትገባም። ነገ ጠዋት፣ ማንም ሳይነካት እንመጣለን።"

መኪናዋን ሊገዛ የመጣው ሰላሁዲን ተናደደ። መኪናዋ ነጭ፣ ቀለሟ አዲስ፣ ቴፕ ያላት ናት። ማሙሸት ራሱ "ሙሽራዋ" ነው የሚላት። እንዲያዩለት ያመጣቸው እኚህ ሽማግሌ መካኒክ ምን ነካቸው?

ጊዜው ሚሊኒየሙ ሊገባ ወራት ሲቀሩት ነው… ቦታው ከእህል በረንዳ ጀርባ፣ ያገለገሉ የጭነት መኪኖች የሚሸጡበት ሜዳ።

ሰላሁዲን ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው መኪና ነድቷል። አሁን እናቱ ጠሂራ አትክልት ተራ ያላትን መደብ ሸጣ "የራስህን ግዛ ልጄ" አለችው።

ሥራም አግኝቷል። በየቀኑ ከመቂ ቲማቲም ጭኖ፣ ገበያው ሳይሞቅ አትክልት ተራ ማራገፍ።

ሥራውን የሰጠው ጅምላ ነጋዴ ግን አስጠንቅቆታል… "አንድ ቀን መንገድ ላይ ከቀረህ ሌላ ሰው አለኝ።"

ቲማቲም ይቅርታ አያውቅም። መኪናው ሞጆ ላይ ቆመ ማለት የእናቱ መደብ በከንቱ ተሸጠ ማለት ነው።

በማግስቱ በጠዋት ሄዱ።

ሙሽራዋ ሳለች… ሳለች… በሦስተኛው ተነሳች። ከኋላዋ ሰማያዊ ጭስ ሜዳውን ሞላው።

ጋሽ አሸብር የዘይት መሙያውን ክዳን ከፈቱ። "መዳፍህን እዚህ አድርግ። ይገፋሃል?"

"ይገፋኛል።"

"ፋሻዋ፣ የፒስተኗ ቀለበት፣ አልቋል። በዚህ በኩል የምትተነፍስ መኪና ዘይት ትጠጣለች። ከሞጆ ወዲህ ያለውን አቀበት ጭነት ይዛ አትወጣልህም።"

ቀጥለው ጥግ ላይ ወደቆመች፣ ቀለሟ የለቀቀ አሮጌ አይሱዙ ወሰዱት። የአንድ እህል ነጋዴ ናት። ሞተሩን ነኩት… በረዶ ነው። ቁልፉ ዞረ፤ በአንዴ ተነሳች። ክዳኑ ሲከፈት መዳፉን የገፋው ነገር የለም።

"ጋሼ፣ ይቺ እኮ አሮጊት ናት! የኔ ሥራ ጥድፊያ ነው!"

"ለጥድፊያ የምትሮጥ አይደለችም የምታስፈልግህ፤ የማትቆም ናት። መለዋወጫዋ ደግሞ ሶማሌ ተራ እንደ ሽንኩርት ነው የሚሸጠው።"

በዚህ መሀል ማሙሸት ሽማግሌውን ክንዳቸውን ይዞ ወደ ጥግ ወሰዳቸው። ተንሾካሾኩ… ማሙሸት እጁን ያወራጫል፤ ጋሽ አሸብር ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

ሽማግሌው ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቷል።

ሰላሁዲን የድካማቸውን ሊከፍላቸው እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ "የዛሬውን አልቀበልም" ብለው ሄዱ።

በቃ! ነገሩ ገባው… ማለትም የገባው መሰለው።

ቤት ሲገባ እናቱን "እማ፣ ሽማግሌው ከአሮጊቷ ባለቤት ኮሚሽን በልተዋል። ባይበሉ የኔን ለምን ይተዋሉ?" አላት።

ጠሂራ እስኪጨርስ ሰማችውና "ጭሱን በዓይንህ አይተሃል?" አለችው።

"አይቻለሁ።"

"እሱን ጋሽ አሸብር አላጨሱትም። አሮጊቷን ግዛ።"

እያጉረመረመ ገዛ።

አምስት ወር አለፈ… አሮጊቷ አንድ ቀን አልቀረችም። ዝናብ ሲጥልም፣ ሞጆ ላይ መኪና ተሰልፎ ሲቆምም፣ ቲማቲሙ ሰዓቱን ጠብቆ ይገባል። ጠሂራም መደቧን መልሳ ተከራየች።

ያኔ ሰላሁዲን አፈረ። አንድ ሳጥን ቲማቲም ተሸክሞ አማኑኤል ጋ ያለው የጋሽ አሸብር ጋራዥ ሄደ።

በሩ ላይ ደርሶ ቀጥ አለ።

ሙሽራዋ እዚያ ቆማለች! ሞተሯ ወርዶ ተበታትኗል። አጠገቡ አንድ ወጣት ፒስተን ያጥባል።

"አሮጊቷን የገዛኸው አንተ ነህ?" አለው ወጣቱ። "ኃይለየሱስ እባላለሁ። የጋሽ አሸብር ልጅ ነኝ… ይቺ ደግሞ የኔ ናት።"

ሰላሁዲን ሳጥኑን መሬት አስቀመጠ።

"ሰርጌ ሦስት ሳምንት ነበር የቀረው። የምደግሰው እሷን ሸጬ ነበር። አባቴ የኔ መሆኗን እያወቀ ክዳኑን ከፈተ፤ ማሙሸት 'የልጅዎ ናት፣ ቃልዎን ይለውጡ' ብሎ ቢለምነውም እምቢ አለ። አሥራ ስድስት ቀን አኮረፍኩት። በአሥራ ሰባተኛው ቱታውን ለብሶ 'ና፣ አብረን እናውርዳት' አለኝ። ሰርጉ ተራዘመ፤ የመለዋወጫው ገንዘብ እስኪሟላ ደግሞ ይኸው ወራት ፈጀ።"

ጋሽ አሸብር ከውስጥ ብቅ አሉ።

"ጋሼ… የልጅዎ መሆኗን ለምን አልነገሩኝም?"

"ብነግርህ 'ሽማግሌ አላሳፍርም' ብለህ ትገዛት ነበር። መኪና ደግሞ በይሉኝታ አይገዛም ልጄ።"

"እኔ እኮ ኮሚሽን በልተዋል ብዬ አምቼዎታለሁ!"

"አውቃለሁ። ፊትህ ላይ ነበር" አሉና ሳቁ።

ሰላሁዲን ያንን ዘይት የጠጣ መዳፍ ይዞ ሳመው። እንባው አመለጠው።

ሞተሯ በሁለት ሳምንት ተሠርቶ ገባ። ገዢውን ያመጣው ማን ይመስላችኋል? ሰላሁዲን ነው… ያንኑ ጅምላ ነጋዴ፣ በጠዋት፣ ሞተሩ በረዶ እንደሆነ። "መዳፍዎን እዚህ ያድርጉ" አለው። አልገፋውም።

የኃይለየሱስ ሰርግ ቀን ድንኳኑንና ወንበሩን የጫነችው አሮጊቷ ናት። ቲማቲም ቲማቲም ትሸታለች፤ ግንባሯ ላይ ግን ሪባን ታስሮላታል።

ወዳጆቼ… ለባዳ እውነት መናገር ቀላል ነው። እውነቱ የገዛ ልጅን ሰርግ የሚያስቀር ሲሆን ነው የሰው ልክ የሚታወቀው። እኛ ደግሞ የሰው ደግነት ሲገርመን "ምን በልቶ ነው?" ለማለት እንቸኩላለን።

እስቲ ሳትዋሹ መልሱልኝ… እናንተ በጋሽ አሸብር ቦታ ብትሆኑ፣ ያን ጠዋት ክዳኑን ትከፍቱት ነበር? 👇