አንዲቷ እምቢታ

በቀበሌው አንድ ሰው ብቻ እምቢ አለ።

ነገሩ በ1979 ዓ.ም. ጥር ውስጥ ነው። አገሩ ሁሉ በአዲሱ ሕገ መንግሥት ላይ ድምፅ እንዲሰጥ ተጠራ። የቀጨኔም ሰው ነጠላውን አጣፍቶ ወጣ፤ ተሰለፈ፤ ድምፁን ሰጥቶ ተመለሰ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ፈለቀ ሳጥኑን ይዞ ቢሮው ገባና በሩን ዘጋ። የተቀዳለት ሻይ ሳይቀዘቅዝ ቆጥሮ ወጣ። ከአንዲት ወረቀት በቀር ሁሉም ድጋፍ! ጭብጨባው ቀለጠ።

ጣጣው የመጣው ከበላይ ነው። ሕዝቡ ለምን እንደደገፈ ቤት ለቤት ተጠይቆ ይቅረብ ተባለ። የዚያች የአንዲቷ እምቢታ ምክንያትም አብሮ ይቅረብ ተባለ።

ፈለቀ የቀበሌውን ጸሐፊ በድሉን ጠራው።

«እስከ ዓርብ ሰውየውን ከነምክንያቱ አምጣልኝ። አለዚያ መጠየቅ የሚያውቁ ሰዎች ይላካሉ።»

በድሉ ጠጋ አለ። መጠየቅ የሚያውቁት አንዴ ከመጡ አንድ ሰው ብቻ ይዘው እንደማይሄዱ ቀጨኔ ጠንቅቆ ያውቃል።

«ጓድ፣ በስህተት የሆነ ቢሆንስ?»

«ስህተት ከሆነማ እሰየው! ማን ይከፋዋል? ግን የተሳሳተውን ሰው አሳየኝ።»

በድሉ ብዕሩን ይዞ ወጣ። መጀመሪያ ያገኘው ጉሊት የሚቸረችሩትን እትዬ ሸዋገነትን ነበር።

«እትዬ፣ ለምን ደገፉ?»

«ኧረ እኔስ ስኳር መጣ ብዬ ነው የተሰለፍኩት! ሳጥኑ ጋ ስደርስ ነው የገባኝ። ታዲያ ያን ሁሉ ተገትሬ እንዲሁ ልመለስ? ደገፍኩ፣ በቃ!»

በድሉ አሰበ፣ አሰበና «በኢኮኖሚ ንቃት ላይ የተመሠረተ ድጋፍ» ብሎ ጻፈ። እንዲህ ያለውን መተርጎም ያውቅበታል። «ጎረቤቴ ሲደግፍ ጊዜ» ያለውን «የሰፊው ሕዝብ አንድነት» አደረገው። «ቶሎ ቤቴ ለመግባት» ያለውን ደግሞ «አብዮታዊ ቅልጥፍና» አለው።

ሠፈሩ ግን እምቢ ባዩ ማን እንደሆነ አስቀድሞ ወስኗል፤ ሸማኔው ጋሼ መሸሻ ናቸው። ምላሳቸው አያርፍማ! በድሉ ሲገባ መወርወሪያቸውን አቆሙ።

«ጋሼ፣ ለምን ደገፉ?»

«ቤትህ ሲዘም ምን ታደርጋለህ?»

«በእንጨት እደግፈዋለኋ።»

«በል እንግዲህ! የሚደገፍ የዘመመ ነው። እኔም ዘሞ ባየው ደገፍኩ።»

«ወይኔ በሞትኩት!» አሉ ሚስታቸው ሙሉ። «በድሉዬ፣ እባክህ እንዳትጽፈው!»

በድሉ አልጻፈውም። ይልቅስ ተንበርክኮ ሊለምናቸው ምንም አልቀረውም። «ጋሼ፣ ተሳስቼ ተቃውሜያለሁ ይበሉኝ። ስህተት ከሆነ ማንም አይነካዎትም።»

«ሰውዬ፣ ደግፌያለሁ አልኩህ! ይኼ መንግሥት ሲደግፉትም አይወድም እንዴ?»

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በድሉ ተስፋ ቆርጦ መድኃኔ ዓለም አጥር ሥር ከሚኖሩት ከእማማ ወለተ ማርያም ቤት ደረሰ።

«እማማ፣ ለምን ደገፉ?»

«መስቀሉን አይቼ ነዋ።»

«የምን መስቀል?»

«ወረቀቱ ላይ ያለውን ነዋ! አንደኛው ሥዕል ክብ ነው፣ እንደ እንክብል። ሌላው መስቀል። እኔ ወለተ ማርያም መስቀል ትቼ እንክብል ልምረጥ? የሣለው ልጅ ቸኩሎ አጋደለው እንጂ መስቀል ነው። ተሳለምኩትና ጣቴን ቀለም ነክሬ አተምኩበት።»

ክቡ የድጋፍ ምልክት ነበር። የተቃውሞው ኤክስ ነው።

በድሉ ብዕሩን ከወረቀቱ አነሳ። «እርግጠኛ ነዎት?»

«መድኃኔ ዓለምን!»

«ወረቀቱንስ ሳጥኑ ውስጥ ከተውታል? በገዛ እጅዎ?»

«ምን ሆነሃል አንተ ልጅ? በማን እጅ ልክተተው ኖሯል?»

ዓርብ ጠዋት ፈለቀ ሪፖርቱን አንብቦ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። «እሰይ! በቀበሌያችን አንድም ተቃዋሚ የለም ማለት ነው። መስቀል የተሳለሙ አሮጊት ብቻ!» ማኅተሙን መታበት። ከእንግዲህ ማንም መጥቶ ማንንም አይጠይቅም።

ወሬው ከበድሉ ቀድሞ ሠፈር ገባ። የጋሼ መሸሻ ሚስት ሙሉ መንገድ ላይ ጠብቀው አገላብጠው ሳሙት፤ እትዬ ሸዋገነትም ከጉሊታቸው እልል አሉ። በድሉም ደስ ብሎት፣ ግራና ቀኝ እጅ እየነሳ፣ የቀጨኔን ቁልቁለት ተያያዘው።

ሰው ከዓይኑ ሲሰወር ግን ቆም አለና ለራሱ አጉረመረመ፦ «ታዲያ የእኔዋ ተቃውሞ የት ገባች?»