የቅርፊት ሙጫ

መሪጌታ ወልደ አማኑኤል ጣታቸውን ከድስቱ ነክረው ከአውራ ጣታቸው ጋር ያጣብቃሉ፤ ያላቅቃሉ። ቀጭን ክር ይሳባል። ያሸቱታል።

«ሎሚ ሎሚ ይላል።»

ልጃቸው ይሥሐቅ ከፊታቸው ተቀምጦ የዳዊቱን የእንጨት ሽፋን ይዟል። መጽሐፍ በቆዳ መደጎስ የተማረው ከእሳቸው ነው፤ እሱ ከከብት ቆዳ ያፈላውን ሙጫ ግን እንዲህ አሽትተውለት አያውቁም። በዐቢይ ጾምማ ጭራሽ፤ የቆዳው ቅቅል ቤታቸው ውስጥ እንዳይሸት ብለው ምድጃውን ይከለክሉታል።

«አባባ፣ የዓሣ ቅርፊትስ ያው ሥጋ አይደለም?»

«ልንበላው ነው?» ይላሉ። ሚስቱ ትሕትና ትስቃለች።

እሷ ሞላሌ ከተማ ኬሚስትሪ ታስተምራለች። የከተማው ሆቴል ጓሮ የሚጥለውን የዓሣ ቅርፊት ሰብስባ፣ አጥባ፣ በሎሚ ጭማቂ ዘፈዘፈችው። ሎሚው የቅርፊቱን ጠጣር ነገር አሟምቶ አለሰለሰው፤ የቀረውን ለብ ባለ ውሃ ስታቆየው ሙጫው ወጣ።

«ትምህርት ቤት አሲድ አጣሽ?» ይላታል ይሥሐቅ። «በአንዴ ይጨርስልሽ ነበር።»

«አላጣሁም። የአሲዱን ፍሳሽ የት ልድፋው? የሎሚውን ግን ኮምጣጣነቱን እንዲያጠፋ አመድ ጨምሬበት ጎመኑ ሥር ደፋሁት።»

«አንተ ብትሆን» ይላሉ አባቱ፣ «ከነድስቱ ምንጩ ውስጥ ትገለብጠው ነበር።»

ብሩሹን ለእሷ ይሰጧታል። ለይሥሐቅ የሰጡት ጢም ካበቀለ በኋላ ነው።

ትቀባለች። አባቱ ቆዳውን እንጨቱ ላይ ወጥረው ያለብሱታል።

«ጠርዙን ጨብጥ። እስክልህ እንዳትለቅ። ይሄ ከያዘ የደብሩን ወንጌል ከትሕትና ጋር እደጉሰዋለሁ።»

ወንጌሉን ለፋሲካ ብቻህን ትደጉሰዋለህ ብለው ቃል የገቡት ለእሱ ነበር።

ሁለቱ ድስቱ ላይ አቀርቅረው ያወራሉ። ይሥሐቅ ጣቶቹን ያላላል። ቆዳው አይነሳም። የአውራ ጣቱን ጥፍር ከጠርዙ ሥር ሰድዶ ወደ ላይ ይገፋል። ቆዳው ይጫራል እንጂ አይላቀቅም።

«ልቀቅ እንግዲህ፣ እንየው» ይላሉ አባቱ።

ሌሎቹ ጣቶች ይለቃሉ። አውራ ጣቱ ግን ጠርዙ ላይ ከወጣው ሙጫ ጋር ተያይዟል፤ ቢስበውም አይመጣለትም።

«ሚስትህ ያፈላችው ነገር እንዲህ ወደደህ?» ይላሉ መሪጌታ።

ትሕትና ጨርቅ ለብ ባለ ውሃ ነክራ ጎንበስ ትላለች፤ ጣቱን ቀስ ብላ ታላቅቃለች። ከሥሩ የጥፍሩ ጭረት ይወጣል። ታየዋለች። ቀና ብላ እሱንም ታየዋለች።

አባቱ መጽሐፉን ለመቀበል እጃቸውን ሲዘረጉ፣ እሷ መዳፏን ጭረቱ ላይ እንዳሳረፈች ነው።