«ለመነጽር ነው የመጣሁት ይበሉ»

«ኧረ ይተዉ አባባ! ይሄንን ለዶክተሩ እንዳይነግሩት!»

ኮሊን ይህን ያለችው ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው...

ኦሃዮ ውስጥ አንድ የዓይን ክሊኒክ ሂሳብ ክፍል ትሠራለች። ዶክተሩ የጻፈውን ወደ ክፍያ ኮድ ቀይራ ለኢንሹራንስ ትልካለች። ኢንሹራንሱ አልከፍልም ያለውን ደግሞ ለታካሚው...

ስድቡን የምትቀበለውም እሷው ናት።

ሰልችቷታል። የሰው ፊት ማየት ራሱ ደክሟታል።

ከሂሳብ ክፍሉ መስኮት ማዶ የቆሙት ጡረተኛው ፖስተኛ ሚስተር ሁበርት ናቸው።

«ምነው ልጄ? ግራ ዓይኔ ውስጥ መብረቅ ነገር ብልጭ ይልብኛል ነው እኮ ያልኩሽ...»

«እሱን ከሰማ ሕመም ብሎ ይጽፋል። ለሕመም ደግሞ የመነጽር ኢንሹራንስዎ አይከፍልም፤ ሂሳቡ እርስዎ ቤት ነው የሚመጣው። ከዚያ መጥተው እኔ ላይ ሊጮሁ!»

«ታዲያ ምን ልበል?»

«ለመነጽር ነው የመጣሁት፣ ሌላ ምንም የለብኝም ይበሉ። በቃ!»

ሽማግሌው ሳቁ። «አንቺ ተንኮለኛ! እግዜር ይስጥሽ...»

እንደተባሉት አሉ። ዶክተሩ ጠብታ አድርጌ ውስጡን ልይልዎት ቢላቸውም «ምን በወጣኝ! ለመነጽር ነው» ብለው እምቢ አሉ።

ምንም ሳይከፍሉ ሄዱ። ኮሊንም ዛሬስ አንድ ሰው ሳይሰድበኝ ወጣ ብላ ተነፈሰች...

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሚስተር ሁበርት ተመለሱ። ባለቤታቸው የጋገሩትን የአፕል ኬክ ይዘዋል።

«ይሄ ላንቺ ነው። ለኪሴ ያሰበልኝ ሰው አንቺ ብቻ ነሽ።»

ከዚያ አዲሱን መነጽር አውልቀው በመስኮቱ አቀበሏት።

«እስቲ ተባበሪኝ... የግራው መስታወት ተበላሽቷል መሰለኝ፣ ጨለመብኝ። ይቀይሩልኝ።»

ኮሊን መነጽሩን ወደ ብርሃን አነሳችው።

መስታወቱ ጥርት ያለ ነው...

መነጽሩን እንደያዘች ሮጣ ዶክተሩን ጠራች።

«የዓይንዎ የውስጥ ሽፋን ተላቋል» አላቸው ዶክተሩ መርምሯቸው ሲያበቃ። «ቆይቷል፤ አሁን ብርሃኑን መመለስ ይከብዳል። ያኔ ብልጭታ ነገር አልነበረብዎትም? ቢነግሩኝ እናድነው ነበር! ለምን ዝም አሉ?»

ሽማግሌው በሩ ላይ ወደቆመችው ኮሊን ዞሩ። በቀረችላቸው ዓይን አዩዋት...

«ረስቼው ነው» አሉ።

ወዳጆቼ... ኮሊን ክፉ ሰው አይደለችም። ደክሟት ነው። ግን ጭቅጭቅ ለመሸሽ ብለን የምናደርገውን ነገር ስንቴ ደግነት ብለን ጠርተነዋል? አንዳንዴ የሰውን ኪስ አዳንን ስንል ሰውየውን እናጣለን።

እናንተ በኮሊን ቦታ ብትሆኑ፣ ሽማግሌው «ረስቼው ነው» ሲሉ ዝም ትሉ ነበር ወይስ እዚያው እውነቱን ትናገሩ ነበር?

እስቲ ከልባችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ...