የማይከፈተው ጣሪያ

«ጣሪያው አይከፈትም» ይላል፣ የሟች አባቷን መኪና ለጨረታ ስታቀርብ በገዛ እጇ የሞላችው ቅጽ። አጫራቹ ይህንኑ ለተሰበሰበው ሰው አንብቦ መሪው ጋ ተቀመጠና ለወጉ ያህል የጣሪያውን መክፈቻ ቁልፍ ተጫነው። ቀይዋ ስፖርት መኪና ጣሪያዋን ቀስ ብላ ማጠፍ ጀመረች። በሩን ይዛ የቆመችው የሟቹ ልጅ ክው አለች። ሃያ ዓመት ሙሉ «አባዬ፣ ክፈተው» ባለች ቁጥር፣ «ተበላሽቷል አልኩሽ እኮ!» እያለ አፏን ሲያስይዛት ኖሯል። መኪናዋን በጥርስ ብሩሽ ሳይቀር የሚያጸዳ ሰው ለጣሪያ ማሠሪያ ገንዘብ ሰሰተ ብላ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ስንቴ አምታዋለች።

«እህቴ፣ ይሄ እኮ ምንም አልሆነም!» አለ አጫራቹ እየሳቀ።

ጎንበስ ብላ ወደ ውስጥ አየች። ከኋላው ወንበር በላይ፣ በጣሪያው የውስጥ ጨርቅ ላይ፣ በእስክሪብቶ የተሳለች ጠማማ ፀሐይ ነበረች፤ ከሥሯ አንድ ረጅምና አንድ አጭር ሰው እጅ ለእጅ ተያይዘዋል። አምስት ዓመቷ ላይ በጀርባዋ ተጋድማ የሳለችው ነው። ያን ቀን ይቆጣኛል ብላ ስትጠብቅ፣ አባቷ ቀና ብሎ ለረጅም ጊዜ አየው እንጂ አልተቆጣትም። አሁን ጨርቁ ሲታጠፍ፣ በሁለቱ ሰዎች እጅ መካከል ተሸበሸበ።

«ዝጋው!» ብላ ጮኸች። «ተበላሽቷል አልኩህ እኮ!»