ያልቀለለችው ባልዲ

በምርምር ጣቢያው የመስታወት ቤት ውስጥ ስንዴ የበቀለባቸው ሃያ አራት ባልዲዎች አሉ። አሥራ ሁለቱ ፀሐይ ላይ ናቸው፤ አሥራ ሁለቱ በጥቁር መረብ ጥላ ሥር። ውሃ ከተከለከሉ አሥራ አንድ ቀን ሆኗቸዋል። ብርሃን የጠገበ ስንዴና ብርሃን ያነሰው ስንዴ ድርቁን እንዴት እንደሚችሉት ለማየት ነው። አፈሩ በፕላስቲክ ስለተሸፈነ፣ ባልዲ የሚቀለው ተክሉ ሲጠጣ ብቻ ነው።

ሽማግሌው መዛኝ በየማለዳው ባልዲዎቹን አንድ በአንድ ሚዛን ላይ እያወጡ ክብደታቸውን ይመዘግባሉ። ቁጥሩን ሁለቴ ያነባሉ፤ ከጻፉም በኋላ ልባቸው አያርፍም፣ ተመልሰው ያያሉ። ሠራተኛው «አባ ግራም» ይላቸዋል።

ፀሐይ ላይ ያሉት ቶሎ ቶሎ ቀለሉ፤ ቅጠላቸውም ተጠቀለለ። የጥላዎቹ ቀስ እያሉ ቀለሉ። ከጥላዎቹ አንዷ፣ ሰባተኛዋ፣ ግን አራት ቀን ሙሉ ንቅንቅ አላለችም።

ኃላፊዋ መዝገቡን ገልጣ አየች።

«አባባ፣ ለዚህች ውሃ ጠብ አድርገውላት ይሆን?»

«እኔ? ልጄ፣ ሃያ ዓመት ስመዝን…»

«ሆድዎ እንደሚባባ አውቃለሁ። ባለፈው ሙከራም በቆሎው ሲጠወልግ ዓይንዎ እንባ አቅርሮ ነበር።»

«ማዘኑንስ አዝናለሁ። ውሃ ግን አልሰጠሁም።»

«የሦስት ወር ልፋት ነው ገደል የሚገባው። እስከ ነገ ካልነገሩኝ ለአስተዳደሩ እጽፋለሁ። ከዚያ በኋላ እዚህ አይሠሩም።»

አባ ግራም ቀኑን ሙሉ እህል አልቀመሱም። በስተርጅና ስማቸው ሊጎድፍ ነው። ከሰዓት በኋላ የጽዳት ሠራተኛዋ መወልወያዋንና የውሃ ባልዲዋን ይዛ ስትገባ፣ ባልዲዋን ገርመም አድርገው አዩ።

«ከዚህ ውሃ ለሰባተኛዋ አልደፋሽም አይደል?»

«እኔ የራሴን አበባ ማጠጣት አቅቶኝ የሰው ስንዴ ላጠጣ?» ብላ ሳቀች። «ይልቅ ባለቤትዎ፣ እማማ፣ እንዴት ናቸው?»

«ያው ናት። ትኩሳቱ ውሃ ውሃ ያሰኛታል። ማታ ራስጌዋ የማኖረውን ብርጭቆ ጠዋት ጠብታ አላገኝበትም። ብርሃን ዓይኗን ስለሚወጋት መጋረጃውንም አልገልጠውም።»

«ቤትዎም መረብ ዘርግተዋላ።»

እሳቸውም ሳይወዱ ፈገግ አሉ። ከመውጣታቸው በፊት የሰባተኛዋን ፕላስቲክ ዙሪያውን በቀጭን ክር አሥረው፣ እሳቸው ብቻ በሚያውቁት ቋጠሮ ቋጠሩት።

በማግስቱ ጠዋት የጽዳት ሠራተኛዋ በር ላይ አገኘቻቸው።

«ዛሬስ ፊትዎ በርቷል።»

«ተመስገን፣ ትኩሳቱ ለቀቃት። ውሃውን አልነካችውም፤ ጭልጥ ያለ እንቅልፍ ወስዷታል። እንዳልቀሰቅሳት ጫማዬን በእጄ ይዤ ነው የወጣሁት።»

ክሩ እንደታሰረ ነበር። ቋጠሮው ራሱ ነው። ሰባተኛዋን ሚዛን ላይ አወጧት። ያው ክብደት። አሁን ማን ያምናቸዋል?

ኃላፊዋ ደብዳቤውን ይዛ ገባች። አባ ግራም ክሩን አሳዩአት። ጎንበስ ብላ አየችው። ክሩን በጠሰች፣ ፕላስቲኩን ገለጠች፣ አንዱን አገዳ ይዛ ሳብ አደረገችው። እጇ ላይ ቀረ። ሥሩ ጠቁሮ በስብሷል።

«ማንም አላጠጣትም» አለች። «ይቅር ይበሉኝ፣ አባባ።»

«ታዲያ ለምን አልቀለለችም?»

«ሞታ ነዋ። የሞተ አይጠጣም።»

«አረንጓዴ ናት እኮ።»

«ፀሐይ ላይ ብትሆን ወዲያው እናውቅ ነበር። ጥላ ውስጥ ሲሆን ቶሎ አያስታውቅም።» ደብዳቤውን ቀደደችው። «በሉ እንግዲህ፣ ስምዎ ነጻ ወጣ። ምነው፣ ደስ አላለዎትም?»

አባ ግራም እስክሪብቷቸውን መዝገቡ ላይ አኖሩና ቀና ብለው ጥቁሩን መረብ አዩ።

«ብርጭቆዋ ሙሉ ነበር» አሉ።