የታጠነው መነጽር

«የኡሚ ዓይን ጠፍቷል» ይላል ሪድዋን፤ ዛሬም። ጨፋ ሮቢት ገበያ ላይ ብሎታል፣ መስጊድ በር ላይ ብሎታል፤ አሁን ደግሞ እሷው ማሳ ውስጥ፣ ማማው ሥር ቁጭ ብሎ፣ እሷው እየሰማችው ይላል። «ፀሐይ ከጠለቀች ግመልና ዛፍ አትለይም።»

«አንተንና ዛፍን ማለትህ ነው?» እለዋለሁ። «እሱንማ እኔም በቀን ይቸግረኛል።»

ኡሚ የአባቴ እህት ናት፤ ሪድዋን የሟች ባሏ ወንድም። ሰሞኑን ከርከሮ ከቦርከና ወንዝ ቄጠማ እየወጣ ማሽላዋን ሲጥልባት ደጋግማ ተኩሳ ስታለች። ሽማግሌዎቹም ቆረጡ፦ ዛሬም ከሳተች የባሏ ክላሽ ለሪድዋን ይሰጣል፣ ማሳውንም እሱ ይጠብቃል። የመበለት ማሳ መጠበቅ የጀመረ ወንድ ከጊዜ በኋላ ማሳዬ ማለት እንደሚጀምር ደግሞ እዚህ አገር የማያውቅ የለም።

እኔ ከከሚሴ የመጣሁት ለመነጽሩ ነው። ስልክ እጠግናለሁ። ማንም አላስተማረኝም፤ ስለዚህ የማመሰግነውም የለኝም።

መነጽር የምንላት ባሏ ከባቲ ገዝቶ ክላሹ ላይ ያስገጠማትን አጭር ቱቦ ነው። አታቀርብም፣ ጨለማ አታበራም። ውስጧ አንዲት ቀይ ነጥብ አለች፤ ነጥቧ ያረፈችበት ጥይቱ ያርፋል፣ በቃ። ለምሽት ግን የምትናቅ አይደለችም። የብረቱ ማነጣጠሪያ ሲመሽ ከጨለማው ጋር ይጠቁራል፣ ነጥቧ ግን ቦታዋን አትለቅም። የሠራትን ሰው ባገኘው እጁን እጨብጠው ነበር።

የስልክ አቧራ የምነፋበትን ላስቲክ እጨምቅባታለሁ። ከዚያ ጥጥ አልኮል ነካ አድርጌ መስታወቷን ከመሐል ወደ ዳር እያዞርኩ እጠርጋለሁ። ጥጡ ቡናማ ሆኖ ይወጣል። አሸተዋለሁ። ወይራ ወይራ ይላል።

«አክስቴ፣ ይህን ነገር የት ነው የምታስቀምጪው?»

«በወተት ቅል ነዋ፣ ከጠመንጃው ነቅዬ። ብል እንዳይበላው።»

«ቅሉንስ አጥነሽዋል?»

«ሳላጥን ላስቀምጠው? እሱንም አብሬ አጠንኩት እንጂ። የመነጽሩን ክዳን ከፍቼ፣ ጭሱ ውስጡ እንዲገባ።» ፊቴን ታያለች። «ምን ታፈጥጫለሽ? ታጥኖ የተበላሸ ነገር አይቼ አላውቅም።»

ሪድዋን ሆዱን ይዞ ይስቃል። እኔም ልስቅ ነበር፤ እሱ ስለቀደመኝ ተውኩት። ጭሱ መስታወቷ ላይ ጋግሯል። ቀን ብዙም አይታወቅም፤ ሲመሽ ግን በሻይ ብርጭቆ ውስጥ አሻግሮ እንደማየት ነው።

እስክታበራ ድረስ ጠርጌ ክላሹ ላይ እመልሳታለሁ። የነጥቧንም ብርሃን ዝቅ አደርጋለሁ፤ በምሽት ከደመቀች ከርከሮውን ትጋርደዋለች። ከዚያ አክስቴን እንደ ሕፃን አስጠነቅቃታለሁ። «በሻሽሽ ጫፍ እንዳትጠርጊያት። ጭስ እንዳታሳያት። የፊቷን ክዳን ዝጊ፣ አቧራ እንዳይነካት። ስትተኩሺ አንድ ዓይን መጨፈኑንም ተዪው፣ እሱ ለብረቱ ነበር። ለዚህች ሁለቱንም ክፈቺ።»

«ሌላስ፣ ዶክተር?» ትላለች ኡሚ።

መግሪብ ሰግዳ ማማው ላይ ትወጣለች። «ኮቱ፣ ነይ» ብላ ትጠራኛለች፤ ሄጄ ከጎኗ እቀመጣለሁ። ሪድዋን ሳይጠሩት ይከተለናል። ሸለቆው ከሩቅ ጀምሮ እየጠፋ ይመጣል፤ መጀመሪያ ወንዙ፣ ከዚያ ዛፎቹ፣ ከዚያ የማሳው ጠርዝ።

ማሽላው ይንኮሻኮሻል።

«ተኩሺ» ይላል ሪድዋን በሹክሹክታ።

አትተኩስም። ጉንጯ ሰደፉ ላይ ነው፣ ጣቷ ከቃታው ውጭ።

«ተኩሺ እንጂ! እያየሽው አይደለም እንዴ?»

«የመሪየም ጥጃ ነው» ትላለች።

ቆይቶ የጎረቤቷ ጥጃ ገመዱን እየጎተተ ከማሽላው ይወጣና ወደ ቤቶቹ ያዘግማል። እኔ ጥጃ ቀርቶ ማሽላውን ከሰማዩ መለየት አቅቶኛል። በልቤ ራሴን አመሰግናለሁ። እንዲህ ነው መስታወት መጥረግ።

ከርከሮዎቹ ሲመጡ ምድሩ ቀድሞ ያወራል። ኡሚ ክላሹን ቀስ አድርጋ ታዞራለች፤ ጣቷ ወደ ውስጥ ይገባል። ትጠብቃለች። እኔ ብሆን እስካሁን ጥይቱን ሁሉ ጨርሼው ነበር። እሷ ግን የወተት መፍላት ቆማ እንደምትጠብቅ ሴት፣ አትቸኩልም፣ አትዘገይም።

አንድ ጥይት።

ትልቁ ባለበት ይወድቃል፤ የቀሩት ቄጠማውን እየሰበሩ ወደ ቦርከና ይሸሻሉ። ሌላ አትተኩስም። የጥይት ካርታውን ትነቅላለች፣ በርሜሉ ውስጥ የቀረችውንም ጥይት አውጥታ ኪሷ ትከታለች። ሪድዋን በስልኩ መብራት ሄዶ ያየውና ይመለሳል።

«ማሻ አላህ» ይላል፣ ጥርሱን እንዳመመው ሰው። ስለ ዓይን አንድም ቃል አያነሳም። ወደ ቤቱ ሲሄድም መብራቱን አያጠፋም።

ባዶውን ክላሽ ከእጇ ተቀብዬ የድል መስታወቴን ልዳስስ እጄን እሰዳለሁ። ጣቴ የሚያገኘው ክዳን ነው። ግጥም ብሎ ተዘግቷል።

«አክስቴ፣ ይህን መቼ ዘጋሽው?»

«ዝጊው ስትዪኝ ነዋ።»

«ስትተኩሺስ?»

«ክፈቺው አላልሽኝም። አቧራ እንዳይነካት አይደል ያልሽው?»

«ታዲያ ጥጃውን በምን አየሽው?»

«በዓይኔ» ትላለች፤ መሰላሉን መውረድ ጀምራለች። «አንቺ ልጅ፣ በምን ይታያል?»

ክላሹን ወደ ማሳው አዙሬ ቀኝ ዓይኔን ቱቦዋ ላይ አደርጋለሁ። ድፍን ጨለማ፣ መሐሉ ላይ ቀይ ነጥብ። ከዚያ እኔው አክስቴን እንዳስተማርኩት ግራ ዓይኔንም እከፍታለሁ። ነጥቧ ከጨለማው ትወጣና፣ የሪድዋን መብራት ከሩቅ በሚያሳየኝ፣ ሳይወድቅ በቆመ አንድ የማሽላ ራስ ላይ ታርፋለች።